የዳባቱ አራት ነጥብ

የምሠራበት ኮሌጅ ዋና ግቢው ደባርቅ ነው፤ ዳባት ላይ ደግሞ አነስተኛ ቅርንጫፍ አለው። እኔ ደባርቅ ተቀምጬ የሁለቱንም ኔትዎርክ እጠብቃለሁ። «እጠብቃለሁ» ስል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ሥራዬ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የተነቀለ ገመድ መሰካት፣ የማተሚያው ችግር ወረቀት ማለቁ እንደሆነ ለሰው ማስረዳትና «ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?» ለሚለኝ ሁሉ «እያየሁት ነው» ብሎ መመለስ ነው።

የዳባትን የኮምፒውተር ክፍል የሚመሩት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ብጠራው ደስ አይላቸውም፣ ባልጠራውም ዳባት ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቅርንጫፉ ሲመጣ ሌሎቹ መምህራን እንዳያበላሹት ፈርተው ዙሪያውን ሲቆሙ፣ እሳቸው ወንበር ስበው ማመልከቻ ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው እሳቸው ሆነው ቀሩ።

ሰውንም ማሽንንም የሚመዝኑት በሥርዓተ ነጥብ ነው። ያለ አራት ነጥብ መልእክት ከላክሁላቸው «ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ቀሪውን እየጠበቅሁ ነው» ብለው ይመልሱልኛል። ከሁሉ በላይ የሚያናድዳቸው ሰው በአራት ነጥብ ቦታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትቶ ሲያልፍ ነው። «ይህ አራት ነጥብ አይደለም፤ ማስመሰያ ነው» ይላሉ። ስለዚህ በኮምፒውተራቸው ላይ የጫኑት የአማርኛ መጻፊያ ሁለቱን ተከታታይ ነጥቦች የመታውን ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ያርመዋል፤ ወዲያው ንጹሕ አራት ነጥብ ያወጣል።

በሁለቱም ግቢ፣ መስመሩ ከውጭ በሚገባበት ቦታ፣ አንድ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለን። በላያቸው ላይ የሚሠራው ፋየርዎል ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ምን ይከልከል የሚለውን በተጻፈለት ሕግ መሠረት የሚወስን ፕሮግራም ማለት ነው። የእኛው ኦፕን ሶርስ ነው። ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸ ነገር ካገኘም አስተካክሎ ለሠሪዎቹ ይልካል። ሠሪዎቹም በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮሌጁ የወደደው ነፃ መሆኑን ነው፤ እኔ የወደድኩት ከፍቼ ማየቴን።

መስመራችን ሲያድግ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ አብሮ መጣ። አሮጌው አድራሻ በነጥብ የሚለያዩ አራት ቁጥሮች ነው፤ የዓለም ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ አልበቃ አለ። አዲሱ፣ አይፒ ስሪት ስድስት የሚባለው፣ በጣም ረጅም ነው። ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀላቅሎ፣ በሁለት ነጥብ እየተከፈለ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ዜሮ ሲደራረብ ደግሞ ዜሮዎቹ ይተዉና በቦታቸው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ፋየርዎላችን ይህን አድራሻ ማወቅ የጀመረው በቅርቡ ነበር፤ ገና ለጋ ነው ማለት ይቻላል።

የኮሌጁ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በሥራ ሰዓት ቪዲዮ አይታይ። ሁለቱ ግቢዎች የሚጋሩት አንድ መስመር ስለሆነ አንዱ ኳስ ሲያይ ሌላው ውጤት መመዝገብ ያቅተዋል። ስለዚህ እንደ ደባርቅ ሁሉ ለዳባትም ሁለት ክልከላ ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ በአሮጌው አድራሻ፣ አንዱ በአዲሱ። የአሮጌው ድሮውንም ነበረ። የአዲሱን ለማስገባት ግን ኢንተርኔቱ በሁለቱም ግቢ ተቋርጦ ስለነበር በስልክ እያነበብኩ ጋሼ እንዲጽፉ ተስማማን።

«ይጻፉ ጋሼ። ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።»

«ጻፍሁ።»

«ሁለት ነጥብ።»

«ምን ዓይነት ሁለት ነጥብ?»

«የተለመደውን።»

«ልጄ፣ አንቺ የለመድሽው እኔ ሳርመው የኖርሁት ሊሆን ይችላል።»

«የእንግሊዝኛውን፣ ጋሼ። ቀጥሎ ዲ፣ ቢ፣ ስምንት።»

«እነዚህ ፊደሎች ሁሉም ይመጣሉ?»

«የለም፤ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ብቻ ናቸው።»

«ከጂ ጀምሮ ያሉት ምን አጥፍተው ነው?»

«አላጠፉም፤ ስላላስፈለጉ ነው።»

«ያሳዝናሉ» አሉና ጠበቁኝ።

«አሁን ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ» አልኳቸው።

«አራት ነጥብ ማለትሽ ነው?»

በዚያች ሰዓት ሬጅስትራሩ ከኋላዬ ቆሞ «መቼ ነው የሚመለሰው? ተማሪ ተሰልፏል እኮ!» ይለኛል። እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ «አዎ ጋሼ፣ አራት ነጥብ ይበሉት» አልኩ።

«ተባረኪ! መሐል ላይ መግባቱ ቅር ቢለኝም አንቺ ካልሽ ይሁን።»

መስመሩ ተመለሰ። ከደባርቅ ሆኜ የጻፉትን በራሴ ስክሪን ላይ ከፍቼ አየሁት፤ ልክ ነው። ፋየርዎሉን አስነሣሁት፤ ምንም ቅሬታ አላሰማም። በዳባት መስመር በኩል በአሮጌው አድራሻ ቪዲዮ ልከፍት ሞከርኩ፤ ተከለከለ። ተነሥቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ዳባቶች ወደዱኝ። ለስብሰባ ደባርቅ የመጣ የዳባት መምህር ሁሉ እየሳመኝ ያልፍ ጀመር። «ምን አድርገሽው ነው? ኔትዎርኩ እኮ ተባረከ!» ይሉኛል። አንዲት የሒሳብ መምህርት የባቄላ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ አመጣችልኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር አንገቴን ደፋ አድርጌ «ሥራዬ ነው» እያልኩ ቆሎውን ቆረጠምኩ። ምን እንዳደረግሁላቸው መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

ደባርቅ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። አንድ ገጽ ለመክፈት ሰው በካፖርቱ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሬጅስትራሩ በቀን በቀን እየመጣ በሬ ላይ ይቆማል። «ዳባቶች ምንድን ነው የሚበሉት?» አለኝ አንድ ቀን። ቀልዱን ትቼ የመስመሩን ፍሰት ሳየው ዳባት ሁሉንም ጠጥታዋለች፤ የጠጣችውም በአዲሱ አድራሻ በኩል ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ዳባት ሚኒባስ ያዝኩ።

ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። አጠገቤ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አባት ተቀምጠዋል፤ ወቅን ላይ ስንደርስ ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ኢንተርኔት እጠብቃለሁ፣ አባቴ።»

«ሳንቃ በር እንዳሉት የፓርክ ጠባቂዎች፣ እንደ ስካውቶቹ?»

«እንደዚያው ነው፤ ያለ ጠመንጃ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ታዲያ ማን ይፈራሻል?» አሉኝ።

ዳባት ስደርስ ማንም እንደማይፈራኝ አረጋገጥኩ። የመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ስክሪን ዙሪያ ተኮልኩለው ያለፈ ኳስ ጨዋታ ያያሉ። የስፖርት መምህሩ ሲያየኝ ከመደንገጥ ይልቅ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ነይ፣ ነይ ተቀመጪ! የአንቺ ሥራ እኮ ነው!» አለኝ በፍቅር።

ሳልቀመጥ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አለፍኩ። ጋሼ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ይህን ዓይነቱን ድራማ «የቋንቋ መርዝ» እያሉ ሲያወግዙ ነው የማውቃቸው። ሲያዩኝ ማዳመጫውን አወለቁ እንጂ ድራማውን አላቆሙትም።

«እየገመገምሁት ነው» አሉኝ። «ትርጉሙን ስሚ እስቲ! ‹ላገባሽ እየሞከርኩ ነው› ይላል። ሰው ያገባል ወይ አያገባም እንጂ ይሞክራል እንዴ?»

«ከየት ጀምረው ነው የገመገሙት ጋሼ?»

«ከመጀመሪያው። ከመሐል የተያዘ ነገር ፍርዱ ትክክል አይሆንም።»

«በሥራ ሰዓት ተከልክሎ የለም እንዴ?»

«ፋየርዎሉ ካሳለፈው ተፈቅዷል ማለት ነው ብዬ ነዋ! እኔ ከሕግ በላይ ነኝ?»

ጎናቸው ተቀምጬ የሕጎቹን ፋይል ከፈትኩ። መስመሩ አለ። እኔ ስልኬ ላይ ካለው አድራሻ እያንዳንዱን ፊደል አነበብኩ፣ ጋሼ ከስክሪኑ እያዩ «አለ፣ አለ» አሉ፤ እንደ ፈተና አራሚዎች ተራ በተራ ሄድንበት። ምንም ልዩነት የለውም። ፋየርዎሉን አጥፍቼ አበራሁት፤ ከጎረቤት ክፍል የኳሱ ጩኸት ቀጠለ። ግራ ሲገባኝ በቀስት ቁልፉ ጠቋሚውን በመስመሩ ላይ ቀስ እያደረግሁ አስኬድኩት። ከሁለቱ ተከታታይ ነጥቦች ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ መርገጥ ሲገባው በአንድ እርምጃ ዘለላቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አራት ነጥብ ነዋ።»

«የአማርኛው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

ሳቄ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ጋሼ አልሳቁም። «አራት ነጥብ ጻፉ አልሽኝ፤ አራት ነጥብ ጻፍሁ። ያውም የጠራ አራት ነጥብ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ላስተካክለው ስል ደግሞ ኮምፒውተራቸው እምቢ አለ። ሁለቱን ነጥቦች በመታሁ ቁጥር አገላብጦ አራት ነጥብ ያደርጋቸዋል። መጻፊያውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ነበረብኝ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አንቺው ጻፊው፤ እኔ አላይም» አሉኝ። ጻፍኩና ፋየርዎሉን አስነሣሁት። ከጎረቤት ክፍል «ውይ! ውይ! ሊያገባ ሲል!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። የጋሼም ድራማ አንዲት ሴት አፏን እንደከፈተች ቆመ።

ደባርቅ ስመለስ መስመሩ ሰላም ሆኗል፤ እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። በአሮጌው አድራሻ አንድ ባዕድ ምልክት ብትጽፉ ፋየርዎሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ይህ መስመር አልገባኝም» ይላል። በአዲሱ ግን ያልገባውን መስመር ዝም ብሎ ይዘለዋል። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳየው እንደጠረጠርኩት ነበር፤ ለአዲሱ አድራሻ የተጻፈው ክፍል በጥድፊያ የተሠራ ነው፣ ስሕተት ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ የነገረው ሰው የለም። በር ጠባቂ ትእዛዙ ካልገባው መልሶ መጠየቅ አለበት። የእኛው ሳይጠይቅ በሩን ከፍቶ ተቀምጧል።

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለሠሪዎቹ ላክሁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ማንነቱን ከጽሑፉ በቀር የማላውቀው የሩቅ አገር ሰው፣ አጭርና ጨዋ መልስ ሰጠኝ፦ ምልክቱ የአድራሻ አካል አይደለም፤ ተጠቃሚው በትክክል ይጻፍ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። ለጋሼ ደውዬ ተረጎምኩላቸው።

«በትክክል ይጻፍ ያለው ማንን ነው? እኔን?»

«እርስዎን መሆኑን አያውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይወቀኝ። ጻፊ!» አሉና ማስጻፍ ጀመሩ። «ለተከበሩ የፋየርዎል ሠሪ፤ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አራት ነጥብ፣ የእርስዎ ኢንተርኔት ከመታሰቡ በፊት፣ አባቶቻችን ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው በሚጽፉበት ዘመን…» ብለው ከብራናው ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙ ወደ መቃ ብዕሩ አለፉ። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ሌላ ነበር፦ አድራሻው ስሕተት እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ስሕተት መሆኑን መናገር አለበት።

«እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።

«ብራናውን የት አደረስሽው?»

«ለሚቀጥለው አቆየሁት።»

«ሰረዝሽው ማለት ነው» አሉና ዘጉት። በማግስቱ ራሳቸው መልሰው ደወሉ።

መልሱ ሠራ፤ ሰውየው ጉዳዩን ከፈተውና ማስተካከያውን ራሴ ጽፌ እንድልክ ጋበዘኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መብራት ሲኖር፣ ቢሮ እየገባሁ ሠራሁት። ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ያልገባውን መስመር እንዳይዘል፣ ቆሞ የትኛው መስመር እንደሆነ እንዲናገር። ሁለተኛ፣ ሁለት ነጥብ የሚመስል ግን ያልሆነ ምልክት ካየ ያንኑ ለይቶ እንዲያሳውቅ። ላክሁት። በእርማት ተጥለቅልቆ ተመለሰ፦ እዚህ ጋ አንድ ክፍተት ይጨመር፣ እዚህ ጋ ይቀነስ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር በነጥብ ይዘጋ። እኔ ተናደድኩ። ለጋሼ ሳማርር ግን ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ክፍተት ያርማሉ? በነጥብ ይዘጋ አሉሽ?»

«አዎ!»

«እነዚህ ሰዎችማ ጨዋዎች ናቸው። ተሳስቼባቸው ነበር።»

የመጀመሪያውን ክፍል ተቀበሉት። በሁለተኛው ላይ ተከራከሩ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራው በዓለም ላይ ስንት ሰው ነው? ለአንድ ሰው ተብሎ ፕሮግራሙ ይወሳሰባል ወይ? ይላሉ። ያ አንድ ሰው ዳባት ተቀምጦ በየቀኑ «ምን አሉ?» እያለ እንደሚደውልልኝ አልነገርኳቸውም። ክርክሩ ሊዘጋ ሲል ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ሰው ገባበት። በእሱ ቋንቋ መጻፊያ ሁለት ነጥቡ ሰፋ ብሎ ነው የሚወጣው፤ የእሱም ክልከላ ተዘልሎበት ኖሯል፤ ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ አፍሮ ዝም ብሎ ነበር። ከእሱ በኋላ ሌሎችም ደፈሩ። ማስተካከያው ገባ።

ለጋሼ ስነግራቸው ስለ ድሉ ሳይሆን ስለ ሰውየው ጠየቁኝ። «የእነሱ አራት ነጥብ ስንት ነጥብ ነው?»

«አንዲት ትንሽ ክብ ናት።»

«አንድ ብቻ?» ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። ይበቃቸው ይሆናል።»

ሠሪዎቹ ማስተካከያ ሲቀበሉ መፈተኛ አብሮ እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ፕሮግራሙ በተሠራ ቁጥር ያ ስሕተት ተመልሶ እንዳልመጣ የሚያረጋግጥ። እኔም ጋሼ የጻፉትን መስመር፣ አራት ነጥቡን ሳልነካ፣ እንዳለ መፈተኛ አድርጌ አስገባሁት። ይህንን ስነግራቸው ክብር ነው ብዬ ነበር።

«እንግዲህ የእኔ አራት ነጥብ በየቀኑ ይፈተናል?»

«አዎ ጋሼ። ፕሮግራሙም በየቀኑ ይጥለዋል።»

«ይወድቃል?»

«መውደቁ ነው ማለፉ።»

«ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ» አሉ ጋሼ፣ «እንዲህ ያለ ፈተና አውጥቼ አላውቅም።»

አዲሱን ስሪት ልጭን ዳባት ስሄድ ወንበር የሚለቅልኝ ጠፋ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የተማሪ ወረቀት ያርማል፤ ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ሲያርም አይቼ አላውቅም። የስፖርት መምህሩ «ጠባቂዋ መጣች» አለ ቀና ሳይል። የሒሳብ መምህርቷ ቆሎዋን ወደ መሳቢያዋ አስገባች። ጋሼ ግን ቆመው ጠበቁኝ፤ ለካ መምህራኑ ተሰብስበው አፈ ጉባኤ አድርገው መርጠዋቸዋል።

«ክልከላው ትክክል ነው» ብለው ጀመሩ፤ እኔ ደግሞ ይህን ሲሉ ሌላ ነገር እንደሚከተል ዐውቄያለሁ። «ነገር ግን ክልከላው የሥራ ሰዓት ነው የሚለው። የምሳ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ፋየርዎሉ ሕግ እየጣሰ ነው።»

የኮሌጁን ዲን በስልክ አስፈቀድንና ምሳ ሰዓት እንዲከፈት አደረግሁት፤ በአሮጌውም በአዲሱም አድራሻ። ለሙከራ የጋሼን ወንበር ተውሼ የመጀመሪያውን ምሳ ሰዓት ዳባት ቆየሁ። ኳሱ ጮኸ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ቆሎው በሰሐን ወጣ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም በሥርዓት ቆመ። ያን ጊዜም «ውይ!» ያለ ነበር፤ ግን ወደ እኔ አልዞረም፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት እንጂ።

ስሄድ ጋሼ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ካፊያ ስለነበር ጃንጥላቸውን ከራሳቸው ይልቅ ወደ እኔ ያዘነብሉታል።

«አዲ አርቃይ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ትምህርት ቤት ይመራል» አሉኝ እንደ ዋዛ። «አዲሱ አድራሻ መጥቶበት ተቸግሯል። ማክሰኞ እንመጣለን ብዬዋለሁ።»

«እኔን ሳይጠይቁ ጋሼ?»

«እየጠየቅሁሽ እኮ ነው።»

ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ «ደባርቅ! ደባርቅ!» እያለ በሩን ከፈተ። ገብቼ በመስኮት «እሺ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ሊማሊሞን አብረን ወረድን። ጋሼ በየኩርባው ያማትባሉ፤ ሾፌሩንም ፍጥነት እንዲቀንስ ሁለት ጊዜ በጨዋ አማርኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጨዋ ባልሆነው ነገሩት። አዲ አርቃይ ሙቀቱ ሲቀበለን እኔ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እሳቸው ካፖርታቸውን እንደቆለፉ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ቆዩ። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ከፈቱ፣ መጻፊያውን ሳይነገራቸው ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩና «በይ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው።